እርስዎ አይድከሙ

አርባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረ ዘመን ማሽን ስጠግን ኖሬ፣ ሱቄን ዘግቼ ቤቴ በተቀመጥኩ በወራት ውስጥ ሙያዬን አለማወቄን አወቅሁ። ይህን የምጽፈው ጡረታ ጊዜ ስለሰጠኝ ብቻ አይደለም፤ ስለደነገጥኩ ነው። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ሳህን ሳጥብ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስወጣ፣ አንዳንዴም ሶላት ላይ ቆሜ ድንገት ይመጣና ክው ያደርገኛል።

ሱቄ ካዛንቺስ ነበረች። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት መሃል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ክፍል። ሰፈሩ ለልማት እንደሚነሳ ተነገረን፤ ዕቃዬን ሰብስቤ ጎተራ ያለው ቤቴ ገባሁ። ዕድሜዬም ደርሶ ስለነበር ሌላ ሱቅ አልፈለግሁም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያ ሳልፍ ከታክሲ ወረድኩና ሱቄ የነበረችበትን ቦታ ፈለግሁ። አጣሁት። ሃያ ምናምን ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ የተመላለስኩበት ቦታ ላይ ቆሜ፣ እንደ ገጠር እንግዳ መንገደኛ አስቁሜ "ካዛንቺስ የቱ ጋ ነው?" ልል ምንም አልቀረኝም። የዕድሜዬ ትልቁ ድንጋጤ ያ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

ዘሀራ እባላለሁ። አባቴ ከወሎ መጥቶ ጨርቅ ይነግድ የነበረ ሰው ነው፤ ሴት ልጁ ቢሮ መግባቷን ለሰው ሲናገር ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። የገባሁት ሜክሲኮ አካባቢ በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በታይፒስትነት ነው። ሥራ ስጀምር እናቴ ከእጇ አውልቃ የብር አምባር አጠለቀችልኝ። ያቺ አምባር ናት ጉዴን ያመጣችው።

ታይፕራይተሬ በአንድ ቃል መሃል ባዶ ቦታ መዝለል ጀመረ። "ጉዳዩ" ብዬ ስመታ "ጉ ዳዩ" ብሎ ይወጣል። የጥገና ክፍሉ ሦስት ጊዜ ወስዶ ፈታው፣ ዘይት ቀባው፣ ደህና ነው ብሎ መለሰው። እኔ ጋ ሲደርስ ይዘላል። አለቃዬ ልጅቷ ሥራ ጠልታ ነው ማለት ጀመረ፤ እኔም ቤት ስገባ ማልቀስ ጀመርኩ። በአራተኛው ጊዜ ማሽኑን የሚወስድ ሰው አልመጣም። ጋሽ መኮንን ራሳቸው መጡ።

ጋሽ መኮንን የጥገና ክፍሉ አንጋፋ ነበሩ፤ የመንዝ ሰው፣ ቀጭን፣ ግራጫ ጋዋናቸውን ሙቀት ሆነ ብርድ እስከ አንገታቸው ቆልፈው የሚለብሱ። ካቻቢቴያቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ አላወጡትም። ወንበር ጎትተው አጠገቤ ተቀመጡና "እስኪ አንቺ ጻፊ፣ እኔ ልይ" አሉኝ። አንድ ሙሉ ገጽ መታሁ። እሳቸው አንዴም ወረቀቱን አላዩም፤ እጄን ነው ያዩት። ስጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ማሽኑ ጤነኛ ነው። አምባርሽን አውልቂ" አሉ። ለካ አምባሩ ወርዶ ቃላት የሚለየውን ረጅሙን መምቻ እየነካ ኖሯል። እኔ አምባሬን ሳወልቅ፣ እሳቸው ቅጻቸው ላይ "ተስተካክሏል" ብለው ጽፈው ሄዱ። ለማንም አልተናገሩም። በወሩ ወደ ጥገና ክፍል ልዛወር ብዬ አመለከትኩ፤ ሴት ካቻቢቴ ይዛ ምን ልትሆን ነው እየተባለም ቢሆን ተዛወርኩ።

የክፍሉ ኃላፊ ሥራን በብሎን የሚለካ ሰው ነበር። በየሳምንቱ መጨረሻ "ስንት ማሽን ፈታችሁ?" ይላል፤ ቅጹም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ጋሽ መኮንን ከሚያስተካክሉት ከግማሽ በላዩን ሳይፈቱ ስለሚያስተካክሉ፣ በቅጹ መሠረት የክፍሉ ሰነፍ እሳቸው ነበሩ። እድገት ሲመጣ ያልፋቸዋል። ግድ አልነበራቸውም ብል እዋሻለሁ፤ ግድ ነበራቸው፣ ግን አልተለወጡም።

ያስተማሩኝን ሁሉ ብጽፍ ወረቀት አይበቃኝም። የፊደሎቹን ዓይን በመርፌ ማጽዳት፣ ወረቀቱን የሚሸከመው ጋሪ ሲሄድ በድምፁ ብቻ የትኛው ጥርስ እንደተበላ መለየት፣ የተፈታ ብሎን በነጭ ጨርቅ ላይ በተፈታበት ቅደም ተከተል መደርደር። ማሽን ከመንካታቸው በፊት ደብተር ያወጣሉ፤ በአንድ በኩል "ሲመጣ"፣ በሌላው በኩል "ሲሄድ" ብለው ሁኔታውን ይጽፋሉ። ይህን ደብተር የመያዝ ልማድ ከእሳቸው ወስጄ እስከ መጨረሻው ይዤዋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ያ የመጀመሪያ ቀን ነገራቸው ነው፤ ሰውየው ሲሠራ ማየት። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚለውን ተረት ግማሹን ብቻ ነበር የሚናገሩት፤ "ከአያያዝ ይቀደዳል" ይሉና ዝም ይላሉ።

ይህ ቀላል ይመስላል። በእኛ አገር ግን ቀላል አይደለም። የአንድ ትልቅ ሰው ማሽን ተበላሸ ሲባል ጠጋኙ ገብቶ የመጀመሪያ ቃሉ "እርስዎ አይድከሙ" ነው። ሰውየው ይነሳል፣ ጠጋኙ ይቀመጣል፤ ወግ ነዋ። ጋሽ መኮንን ብቻ ነበሩ ዋና ኃላፊውን ሳይቀር "ይቀመጡና ያሳዩኝ" የሚሉት። ኃላፊው አንድ ጊዜ ታይፕ መምታት ልታስተምረኝ ነው ወይ ብሎ ከቢሮው አስወጥቷቸዋል። እኔ በር ላይ ቆሜ አፍሬ መሬት መሬት ሳይ፣ ኮሪደሩ ላይ ደርሰውብኝ፣ "ዘሀራ፣ ሰውየውን ከወንበሩ ካስነሳሽው ግማሹን ብልሽት አብረሽ አስነሳሽው" አሉኝ። ያን ቀን ገብቶኝ ነበር። ማለቴ፣ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ ታይፕራይተሩ መጋዘን ገባ፣ ጥገና ክፍሉም ቀስ በቀስ ሟሸሸ። እሳቸው በጡረታ ወጡ፤ እኔ ደመወዙ ይሻላል ብዬ አንድ የግል ድርጅት ገባሁ፣ ከዚያ ደግሞ አለቃ ሰልችቶኝ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ስለ ሱቁ ዘመን ብዙ የምለው የለኝም፤ ብዙ አቧራ ጠርጌያለሁ፣ ሻይ የጠጣ ኪቦርድ ብዙ አጥቤያለሁ። አንድ የቄራ ባለ ልኳንዳ ግን ትዝ ይለኛል። ኤሌክትሪክ ሚዛኑ ዜሮ ላይ አልቆም ብሎት፣ ደንበኞች ሌባ ነህ እያሉት፣ በንዴት ሚዛኑን ሊሰብረው ደርሶ ነበር። ትልቅ ቢላ እንደያዘ "እስኪ አንድ ኪሎ ሽጥ፣ እኔ ልይ" አልኩት። አጉረመረመ፣ ሸጠ። ሥጋውን ሲያስቀምጥ ግራ እጁን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ይደገፋል፤ የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ነው፤ በተደገፈ ቁጥር ሚዛኑ ይዘማል። ከእግሩ ሥር ካርቶን አጥፌ ከተትኩለት። ተደስቶ ጥሬ ሥጋ ቆርጦ ሲያቀርብልኝ፣ የሱን ቤት ሥጋ እንደማልበላ ሻሼን አይቶ ቆየት ብሎ ገባውና እየሳቀ ለስላሳ አስመጣልኝ። ቢላ የያዘ ሰው ፊት አሳየኝ ያልኩ ሴትዮ ነኝ እንግዲህ። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም፤ ወደፊት ለሚመጣው እንድትፈርዱብኝ ነው።

ሱቄን በዘጋሁ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አንድ ጠዋት ጋሽ መኮንን ደወሉ። እሳቸው አሁን ሰባዎቹን ሊጨርሱ ነው፤ ቄራ፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ብርቄ ጋር ይኖራሉ። ልጃቸው አግብቶ ሲወጣ ኮምፒውተሩን ትቶላቸው፣ በውስጡ ያለችውን የአውሮፕላን ማብረሪያ ጨዋታ ለምደዋል። ጉልበታቸው መንዝ ድረስ አያደርሳቸውም፤ በጨዋታው ግን ከቦሌ ይነሱና የአገራቸውን ገደል በላይ በላዩ ይበሩበታል። "ጨዋታው ገደሉን ያውቀዋል፣ ቤታችንን ግን አያውቀውም" ብለው ስቀዋል አንድ ጊዜ። በእውነት አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም።

የደወሉት ጆይስቲኩ አስቸግሯቸው ነው። ጆይስቲክ ማለት እንደ አውሮፕላን መሪ በእጅ ጨብጠው ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ የሚያዘነብሉት ዱላ ነው። ይህ ዱላ ጥጉ የት እንደሆነ ለኮምፒውተሩ ማስተማር ያስፈልጋል፤ እስከ ጠርዙ አዙረው ቁልፍ ሲጫኑ ኮምፒውተሩ "ለካ መጨረሻው እዚህ ነው" ብሎ ይይዘዋል። ካሊብሬሽን የምንለው እሱን ነው። ጋሽ መኮንን ያስተካክሉታል፤ ያን ቀን ደህና ይበራል። ከቀናት በኋላ ዱላውን ስበው አውሮፕላኑ አፍንጫውን አላነሳ ይላል። ካሊብሬሽኑ እየጠፋ ነው አሉኝ። ከጎተራ ቄራ በእግር የሚሄዱበት ነው፤ በዚያው ቀን ሄድኩ።

ሹራብ ለብሰው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ያልኩትን እስክሞት አልረሳውም። "እርስዎ አይድከሙ ጋሼ፤ ይነሱልኝና እኔ ልየው" አልኳቸው። ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ። እኔ ተቀመጥኩ።

ደብተሬን አወጣሁ። የዱላው ሙሉ ጉዞ መቶ ነው ብንል፣ ኮምፒውተሩ የያዘው ሰማንያውን ብቻ ነው። "ሲመጣ፣ ሰማንያ" ብዬ ጻፍኩ። ዱላውን በራሴ እጅ እስከ ጠርዙ አዙሬ አስተካከልኩት። "ሲሄድ፣ መቶ።" አውሮፕላኑ ሽቅብ ወጣ። "ማሽኑ ነው አይደል?" አሉኝ። ማሽኑ ነው አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው፤ ለእንዲህ ያለች ትንሽ ሥራ ከሚገባው በላይ አመሰገኑኝ።

ከሳምንታት በኋላ እንደገና ደወሉ። ሄድኩ፤ አስነሳኋቸው። ሲመጣ፣ ስልሳ አምስት። ዱላው ውስጥ የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ዓይነት ተሽከርካሪ ክፍል አለ፣ ቮልዩም የምንላት፤ እሷ ስትበላ መለኪያው ይዛባል። ፈታሁት፣ ብሎኑን በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ፣ በአልኮል አጠብኳት። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ እንደ ድሮው ተማሪ ሆንኩ፤ እንዲኮሩብኝ ስለፈለግሁ እጄ ፈጠነ። ሲሄድ፣ መቶ።

በሦስተኛው ሃምሳ አምስት ሆኖ ጠበቀኝ። ቮልዩሟን ቀየርኳት፣ የገመዱን መሰኪያ ለወጥኩ፣ ጨዋታውን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ቁጥሩ በየጊዜው ማነሱ ለእኔ ማስረጃ ነበር፤ ማሽኑ ራሱን እየበላ ነው አልኳቸው። "ማሽኑ ነው አይደል?" ጠየቁ ደግመው። ማሽኑ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል አልኩ። እንደ ሐኪም እርግጠኛ ሆኜ ነው ያልኩት፤ አሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ሁልጊዜ ምሳ ሳልበላ አልወጣም ነበር። እትዬ ብርቄ ለእኔ ሲሉ ሽሮና ምስር ይሠራሉ። በእያንዳንዱ ምሳ ጋሽ መኮንንን ያጎርሷቸዋል፤ አንድ ሁለት ጉርሻ አይደለም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እኔ ምን አልኩ? ስቄ "ሙሽሮች" አልኳቸው። ሁለቱም ሳቁ። እትዬ ብርቄ ሳቃቸውን ቶሎ ነው ያቆሙት፤ ይህን ያየሁት ግን አሁን ነው፣ ያኔ አይደለም።

አራተኛው ላይ ተሸነፍኩና አዲስ ጆይስቲክ ገዝቼ ሄድኩ። አሮጌውን ሳልለካው በካርቶን ከተትኩት። አዲሱን ሰካሁ፣ አስተካከልኩ፣ መቶ ብዬ ጻፍኩ፣ በቃ ከዚህ በኋላ አያስቸግርዎትም አልኩ። ሁለት ሳምንት አልሞላውም፣ ደወሉ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። "እርስዎ አይድከሙ" ብዬ አስነስቻቸው ቁጥሩን ከፈትኩ። አርባ ይላል። አዲሱ ጆይስቲክ፣ ፕላስቲኩ ገና የሚሸተው፣ አርባ። አሮጌው እንኳን አርባ ደርሶ አያውቅም። ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሰማንያ፣ ስልሳ አምስት፣ ሃምሳ አምስት፣ አርባ። ሁለት ዱላ፣ አንድ በሽታ፤ አዲሱ የአሮጌውን ሕመም ካቆመበት ቀጥሎታል። እንዲህ ያለ ብልሽት በዓለም ላይ የለም። ደግሞም ካሊብሬሽን ቢጠፋ መቶው ወይም ፋብሪካው የሰጠው ቁጥር ነው የሚመጣው እንጂ በየጊዜው የሚያንስ ቁጥር ከየት ይመጣል? አንድ ሰው በእጁ አዙሮ ካልመዘገበው በቀር። ቁጥሩ የማሽኑ አልነበረም።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ዞር ብዬ አላየኋቸውም፤ ፈራሁ። ከዚያ ተነሳሁ።

"ጋሼ፣ እስኪ እርስዎ ይቀመጡና ያሳዩኝ፤ እኔ ልይ።"

ቀስ ብለው ተቀመጡና ቀኝ እጃቸውን ዱላው ላይ አሳረፉ። ግራ እጃቸው መጣና የቀኙን አንጓ ያዘ። በሁለት እጅ ሳቡት። ዱላው ግማሽ ሳይደርስ ቆመ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ለቀቁት። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል ያለው ሥጋ ሟሽሾ ጎድጉዷል። መርፌ ይዞ የፊደል ዓይን ያጸዳ የነበረው እጅ ነው። እኔን ሰው ያደረገኝ እጅ ነው። አምስት ጊዜ ከዚያ እጅ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ አላየሁትም።

"አምስት ወር ሙሉ ይቺን ቃል ጠበቅኳት" አሉኝ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ።

ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅሁ።

"መጀመሪያ ማሽኑ ይጣራ አልኩ። ሙያችን አይደል? አንቺ ማሽኑ ነው ባልሽ ቁጥር እፎይ እላለሁ፤ ማሽኑ ነው ካልሽ እጄ ደህና ነው ማለት ነዋ። አንቺን ደግሞ አስተምሬሻለሁ፣ እጄ ከሆነ ታየዋለች ብዬ ነው። አላየሽም። እኔም ደስ አለኝ።"

እትዬ ብርቄ በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። "የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ" አሉ። "በኋላ እሱም ሲያስነውረው ሹራብ አለበስኩት። እርጅና ነው ብዬ፣ ልጄ። ለሰው እንዳትናገሪ አለኝ።" በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን የምንተርት ሰዎች ነን። እሳቸው በኩራት ደበቁት፣ ባለቤታቸው በጉርሻ ደበቁት፣ እኔ በአክብሮት ደበቅሁት። ከሦስታችን ግን ማየት ሥራው የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጃቸውን ገለባበጠች፣ አንገታቸውን ነካካች፣ ራጅ አስነሳች። የአንገት አጥንታቸው ወደ እጅ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል አለች። መቼ እንደጀመረ፣ በምን ፍጥነት እንደባሰ ጠየቀች። ጋሽ መኮንን አያውቁም፤ እትዬ ብርቄ አያውቁም። እኔ ከቦርሳዬ ደብተሬን አውጥቼ ሰጠኋት። ቀን አለበት፣ ቁጥር አለበት። ቁጥሮቹ ምን እንደሆኑ ስነግራት ገጾቹን ሁለቴ ገለጠች።

"ይህን የያዘው ሐኪም ነው?" አለች።

ኧረ የጆይስቲክ ጠጋኝ ነኝ አልኳት። በክፋት ሳይሆን ስለሚገርማት ይመስለኛል፣ በመጀመሪያው ገጽ ጊዜ መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ማትረፍ ይቻል ነበር አለች። አንድን ሰው የሚያድን መዝገብ በገዛ እጄ ጽፌ፣ በቦርሳዬ ይዤ፣ አምስት ወር ከጎተራ ቄራ ስመላለስ ነበር። ጽፌዋለሁ። ማን እየተናገረ እንደሆነ ግን አላነበብኩትም።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። መባሱ ቆመ፤ የሄደው ግን እንደሄደ ቀረ። ከሆስፒታል ወጥተው ጥቂት እንዳገገሙ፣ አንገታቸው ላይ መደገፊያው እንዳለ፣ ጆይስቲኩን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወንበሩን አልነካሁም። ራሳቸው አዞሩት፤ ግራ እጃቸው ሳያግዝ፣ በቀኛቸው ብቻ፣ እስከቻሉት ድረስ። ሠላሳ አምስት። ኮምፒውተሩ ያንን ሠላሳ አምስት ሙሉ ብሎ ያዘው። ማንም እንዳይለውጠው ቆለፍኩበት። ዱላውን በትንሹ ሲስቡት አውሮፕላኑ አፍንጫውን አነሳ፣ የአዲስ አበባን ጣሪያ ትቶ ወደ ሰሜን ዞረ። እሳቸው ፈገግ አሉ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ይቅር ብለውኛል። እኔን የሚያስደነግጠኝ አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ምንም ሳይቆዩ ነው ይቅር ያሉኝ። እኔ ግን ሰማንያና ሠላሳ አምስት መሃል ያለውን ቁጥር የት እንደማደርገው አላውቅም። በየሳምንቱ እሄዳለሁ። እሳቸው ተቀምጠው ያዞራሉ፣ እኔ ቆሜ አያለሁ፣ እጽፋለሁ። ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ አምስት፣ አንድ ጊዜ ሠላሳ ስድስት፣ ከዚያ መልሶ ሠላሳ አምስት።

ባለፈው ሳምንት ጽፌ ጨርሼ ደብተሬን ላጥፍ ስል ግራ እጃቸውን ዘርግተው ወሰዱብኝ። ከወንበሩ ተነሱና "አሁን አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ ልይ" አሉኝ። ኧረ ጋሼ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አይድከሙ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ቆመ። ተቀመጥኩ።

"አምባርሽን አውልቂ" አሉ።

የእናቴን አምባር አወለቅሁ። ዱላውን ይዤ እስከ ጠርዙ አዞርኩት። እሳቸው አንዴም ስክሪኑን አላዩም፤ ጎንበስ ብለው፣ መደገፊያው አንገታቸውን እያስቸገራቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጄን አዩት። ከዚያ እስክሪብቶዬን በግራ እጃቸው ጨብጠው፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየተጣመመባቸው፣ ከሠላሳ አምስቱ ሥር ጻፉ። "ዘሀራ፣ መቶ።" ደብተሩን ግን አልመለሱልኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ በየሳምንቱም እጄን ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ።